የኦርቪል ቤት አረንጓዴ የሆነበት መከር

ድመቷን ገፋ አድርጉና ተቀመጡ፤ ወንበሩን እሷ የገዛችው ይመስላታል። እንጨቱ ገና እየተቀጣጠለ ነው፣ የማወራችሁም ነገር ረጅም አይደለም። ከድልድዩ ማዶ ያለውን አረንጓዴ ቤት ባያችሁ ቁጥር “ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የቀባው?” ትሉኛላችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ልንገራችሁ።

ቤቱ የኦርቪል ሃውግ ነበር። እኔና ኦርቪል እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። መጋዙ የግራ እጄን ሁለት ጣት ሲወስድ ማሽኑን ያጠፋው እሱ ነው። በገዛ ሸሚዙ አስሮ ሐኪም ቤት ያደረሰኝም እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ኦርቪልን ሲያማ ተነስቼ እሄድ ነበር። በእኛ ሸለቆ ደግሞ ፈረሱም፣ የከብት ሣሩም፣ አሮጌው መኪናም የሚሸጠው በመጨባበጥ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከተጨባበጡ አለቀ። ወረቀት አምጣ ማለት ሰውየውን ሌባ ነህ ከማለት አይለይም።

የልጅ ልጄን ማርሊስን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ቀድማን ሄደች። ነርስ ናት። ባሏ ክሊንት ክረምት ክረምት የመንገድ በረዶ ይጠርጋል። ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ተከራይተው የሚኖሩበት ቦታ ተሸጠና እስከ ፀደይ ልቀቁ ተባሉ። እዚህ ቤት ካላገኙ የቀራቸው ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የክሊንት ወንድም ዘንድ መግባት ነው። እኔ ደግሞ በሰማንያ ዓመቴ ብቻዬን ልቀር።

ኦርቪል ቤቱን ሸጦ አሪዞና ልጁ ጋ ሊገባ እንደሆነ ስሰማ በሩጫ ነው የሄድኩት። ሩጫ ካላችሁት። ዋጋው አምስት መቶ ስልሳ ሺ ዶላር ነው አለኝ። ገንዘብ ጭነው የሚመጡት ሰዎች ሸለቋችንን ከወደዱት ወዲህ ይኼም ርካሽ ነበር።

ከማርሊስ ጋር ባንክ ሄድን። ወይዘሮ ዴልፊን የሚሏት አበዳሪ፣ ነገር የማታለባብስ ሴት፣ እንዲህ ስትል አስረዳችን፦

“ለእናንተ የሚሆነው መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ብድር ነው፤ ብዙ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም። ግን መንግሥት ለየአውራጃው የብድር ጣራ አለው። የእኛ አውራጃ ጣራ ዘንድሮ አምስት መቶ ሃያ ሺ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ከኪሳችሁ ነው የምታወጡት።”

ማርሊስና ክሊንት በስድስት ዓመት ያጠራቀሙት ሃያ ሺ ነበረ። ሌላ ሃያ ጎደለ።

“ጣራው በየዓመቱ ይታያል፤ ጃንዋሪ ሲገባ ከፍ ሊል ይችላል” አለች ዴልፊን። “ሻጩ ከጠበቃችሁ ተስፋ አለ። አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኼ ብድር ቤቱን የሚያይ ገማች ይልካል። በአሮጌ ቤት ላይ የተላጠ ቀለም ካየ ሳይታደስ አያሳልፍም። የድሮ ቀለም ለሕፃናት መርዝ ነው።”

የኦርቪል ቤት እንደ እባብ ቆዳ ተላልጦ ነበር። ጃንዋሪ ደግሞ በእኛ አገር ቀለም አይቀባም፤ ሳይደርቅ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ መቀባት ያለበት ከውርጭ በፊት ነው።

ዴልፊን አንድ ቅጽ አውጥታ ለማርሊስ ሰጠቻት። “ዋጋውንና ቀኑን ጽፋችሁ እናንተም ሻጩም ፈርሙበት። ሳይፈረም በሰው ቤት ላይ ብሩሽ እንዳታነሱ።”

ክሊንትን ይዘን ከኦርቪል ደጅ ስንደርስ ማርሊስ ቅጹን ይዛ ከመኪናው ልትወርድ ነበር።

“መልሺው” አልኳት። “ኦርቪል እኮ ነው። ወረቀት ስታወጪበት ምን ይሰማዋል?”

“ሴትየዋ ግን አባባ…”

“ሴትየዋ ኦርቪልን አታውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ።”

ወረቀቱን የመኪናው ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ኦርቪል በረንዳው ላይ ጠበቀን። እስከ ጃንዋሪ ልጠብቃችሁ፣ ዋጋው አምስት መቶ ስልሳ ነው፣ ንቅንቅ አይልም አለ። መጀመሪያ ከማርሊስ፣ ከዚያ ከክሊንት፣ ከዚያ ከእኔ ጋር ተጨባበጠ። “ጉልበቴ መሰላል አይወጣም እንጂ እኔው በቀባሁላችሁ” አለ። “ቀለሙን እናንተ ምረጡ። የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ።”

ማርሊስ አረንጓዴውን መረጠች። ጥድ በፀደይ ጫፉ ላይ የሚያወጣውን ለስላሳ አረንጓዴ።

አምስት ሳምንት ፈጀ። ማርሊስ ከሌሊት ተረኝነቷ ወጥታ በቀጥታ ትመጣለች። አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ መሬቱን ሸራ አልብሰው፣ ጣት በጣት ፋቁት። የበሰበሰውን ሳንቃ ክሊንት እየነቀለ ቀየረ። ኦርቪል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይለክፋል።

“ክሊንት! መሰላሉን ውጣበት እንጂ አትደገፈው! የሚስትህ አያት ቢሆን እስካሁን ሁለት ቤት ጨርሶ ነበር።”

“በስምንት ጣት?” አልኩት።

“ስምንቱም ሰነፎች ናቸው፤ አንተ ግን ምላስህ ይቀባል።”

ክሊንት ከላይ ሆኖ ይስቃል። “አባባ፣ እርስዎ ዝም ካሉት እሱም ዝም ይላል።”

“አንተ ልጅ፣ እሱ ዝም ያለ ቀን ቀብሩ ነው” እለዋለሁ። ማርሊስ ከመስኮቱ ስር ሆና የልጆቿ አልጋ በየት በኩል እንደሚሆን ታወራለች። ኦርቪል ሰምቷታል። በገዛ ጆሮው ሰምቷታል።

የገና በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዴልፊን ደወለች። ጣራው ከፍ ብሏል፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ አምስት መቶ አርባ። ከእነሱ ሃያ ጋር ልክክ ይላል! ማርሊስ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ እኔም አይኔን ሽንኩርት ነካው እላችኋለሁ፣ እናንተም እመኑኝ። በበጋ በለቀምነው የጫካ ፍሬ ኬክ ጋገረችና ተያይዘን ኦርቪል ዘንድ ሄድን።

በረዶው ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተክሏል።

ኦርቪል በሩን ከፈተ፤ ግቡ ግን አላለንም።

“ይኼ ሰሌዳ ምንድን ነው?” አልኩ።

“ጣራው ከፍ አለ አይደል፣ ሌላንድ። እኔም ሰማሁ። ልጄ ደውላ፣ ብድሩ ካደገ ሁሉም ዋጋ ይጨምራል፣ አንተ ብቻህን ሞኝ ትሆናለህ ወይ አለችኝ። አምስት መቶ ሰማንያ ብያለሁ። ማርሊስ ከፈለገች ቅድሚያው የሷ ነው።”

ሃያው ተመልሶ ጎደለ። መንግሥት ለልጄ የጨመረላትን እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወሰደው።

“ጋሼ ኦርቪል” አለች ማርሊስ፣ ኬኩን እንደያዘች፤ “አምስት መቶ ስልሳ ብለው ጨብጠውናል እኮ።”

“ያኔ ቤቱ እንዲህ አልነበረማ፣ የኔ ልጅ። አሁን ተመልከቺው፣ እንዴት እንዳማረ!”

“ማን አሳመረው?” አልኩ።

ኦርቪል የበረንዳውን ወለል አየ። ወለሉም አረንጓዴ ነበር። “የቀለሙን ዋጋ እመልስላችኋለሁ” አለና በሩን በቀስታ ዘጋው። ወርውሮ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ዴልፊን ጠበቃ ጠየቀችልን። ሕጉ አጭር ነው፤ መሬትና ቤት በአፍ አይሸጥም። በዘጠነኛው ቀን ቤቱን ከባሕሩ ዳርቻ የመጣ ሰው በጥሬ ገንዘብ ገዛው። እሱ ጣራ የሚባል ነገር አያውቅም። በበጋ ሁለት ሳምንት ይመጣል።

ለገና ኦርቪል እንደ ወትሮው የአጋዘን ቋሊማ ላከልኝ። የአጥሩ እንጨት ላይ አስቀመጥኩት፤ ወፎች በሉት።

ማርሊስ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ዕቃ ሲጭኑ የመኪናውን ኪስ ስታራግፍ ያ ቅጽ ወጣ። ባዶውን፣ ታጥፎ። አየችው፣ አየችኝ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አልኳት።

“አባባ፣ አንተ እኮ ወዳጅህን ነው ያመንከው።”

ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር። ወረቀቱን ተቀብያት ኪሴ ከተትኩት። ይኸው፣ ምድጃው ላይ ካለው ፎቶ ጀርባ ነው። ኦርቪል ዋሸኝ፤ ማርሊስን ግን በእሱ እጅ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

እንግዲህ እንጨቱም እያለቀ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በድልድዩ በኩል ስታልፉ ያንን አረንጓዴ ስታዩ፣ ባለቤቱ ማን ነው አትበሉ። ማርሊስና ክሊንት ቀቡት በሉ። ከምትወዱት ሰው ጋር ስትጨባበጡም፣ ሌላው እጃችሁ ወረቀቱን እንዳይጥል፣ እባካችሁ፣ እኔን አስታውሱኝ።