የአባቷ የመጨረሻ ፋይል

የሺዋስ ጎንደር ፒያሳ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍቶ የከተማውን የሠርግ ጥሪ ሁሉ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። የመጨረሻ ፋይሉን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት የሚታየው ፊደል ሳይሆን ባዶ ሣጥን ብቻ ነው፤ የጻፈበት የአማርኛ ፕሮግራም ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ቀርቷል። ልጁ ፍሬሰላም ግን ግትር ናት። አባቷ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ድምፁን እንኳ አታስታውስም። በሞቱ ዋዜማ የጻፈውን ሳታነብ እረፍት የላትም።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ኢዮስያስ ቤቷ ድረስ መጥቶ በአዲሱ ማሽን ውስጥ የድሮውን ዊንዶውስ ጫነላት። ፕሮግራሙ ግን የፈቃዱ ጊዜ አልፎ ኖሮ አልከፈት አለ።

"የድሮውን ዊንዶውስ ሰዓት ወደ ኋላ መልሽው፤ ፕሮግራሙ ይታለልልሻል" አላትና ሄደ።

በፈረንጆቹ ቆጥራ ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን አስገባች። ሣጥኖቹ ፊደል ሆኑ፦ ደባርቅ የሚላክ የሠርግ ጥሪ። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ይኸው ነው? ልትዘጋው ስትል ከጥሪው ሥር አዲስ መስመር ብቅ አለ።

"ማን ነው?"

"ፍሬሰላም" ብላ ጻፈች።

"ሸጋ ስም ነው። የልጄም ስም ነው፤ ይኸው እግሬ ሥር ትጫወታለች።"

ሌላ ሰው ቢሆን ሶኬቱን ነቅሎ እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እሷ ግን የአባቷን ነገ ታውቃለች፤ በደባርቅ መንገድ ኮሶዬ ላይ በጉም መሐል መኪናው ገደል ይገባል።

"ነገ ደባርቅ አትሂድ!"

"ምነው? የሰው ሠርግ ነው፤ ጥሪውን ማድረስ አለብኝ።"

አባቷ ገደሉ ውስጥ እስከ ቀትር ነፍሱ አልወጣችም ነበር። አጠገቡ ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር ይላሉ፣ ሬሳውን ያወጡት።

"እንግዲያው ብቻህን አትሂድ። እባክህ።"

መልሱ ከሥሩ ተጻፈ።

"እሺ። ልጄም ልሂድ እያለች ስታስቸግረኝ ነው የዋለችው፤ ይዣት እሄዳለሁ።"

"አይሆንም!" ብላ ቁልፎቹን ደበደበች። አንድም ፊደል አልወጣም።

"እማዬ!"

እናቷ የትነበርሽ ከጓዳ ወጣች። ፍሬሰላም የተቀመጠችበትን ወንበር ባዶ እንደሆነ ሁሉ ትክ ብላ አየች።

"ሰው በሌለበት ቤት ይኼን ማን ከፈተው?" አለችና አጠፋችው።