ደርሶ መልስ

ወጋየሁ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስጎበኝ ኖሮ ራሱ አንድም ቀን ጎብኝቶ አያውቅም። ኤርታሌ ድረስ ፈረንጅ ይወስዳል፤ ፈረንጁ እሳቱን ሊያይ ተራራውን ሲወጣ እሱ ከላንድክሩዘሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጎማ ይፈትሻል። ላሊበላ ያደርሳል፤ እነሱ ሲገቡ እሱ ውጭ ሆኖ ጫማቸውን ይጠብቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ "ጭላዳውን አየኸው?" ሲሉት "ከግራ ነው ከቀኝ የመጣው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ለሹፌር ፍጥረት ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ መንገድ ውስጥ የሚገባና የማይገባ።

ስለዚህ መካኒሳ አቦ ሠፈር ውስጥ ማንም ተመኝቶት የማያውቀውን ነገር ተመኘ። ቱሪስት መሆን አማረው። ሰው ውጭ አገር መሄድ ይመኛል፣ ያ ሌላ ነው፤ ያ ሰው ሊሠራ፣ ሊማር ወይ ሊቀር ነው የሚሄደው። ወጋየሁ የፈለገው ሄዶ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ በመስኮት አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ደክሞት ወደ ቤቱ መመለስ ነበር።

አገሩንም መርጧል። ሲግሩን የምትባል የአይስላንድ ባልቴት ከዓመታት በፊት ዳሎልን ልታይ መጥታ፣ ሙቀቱ ፊቷን ቀይ ሽንኩርት አስመስሎት፣ ከጎኑ ተቀምጣ ስለ ደሴቷ ስትነግረው ውላ ነበር። እሳተ ገሞራ እኛም ጋ አለ፣ ግን በረዶ ተሸክሞ ነው። ዛፍ ብዙ የለም። ነፋሱ የመኪና በር ይገነጥላል። በብርድ ወራት ሰማዩ በሌሊት አረንጓዴ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ሰማዩ ይጠይቅ ነበር፤ ወጋየሁ የጠየቀው የሚገነጠለው የየትኛው በኩል በር እንደሆነ ነው። ሲግሩን ሳቀችና "ና እንግዲህ፤ እዚያ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ታያለህ" አለችው። ይህቺ ቃል ሆዱ ውስጥ ቀረች።

ምኞቱን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአስረስ። አስረስ አስጎብኚ ነው። አንዱ ሲነዳ አንዱ ሲያስረዳ አብረው ሸብተዋል። የአስረስ እንግሊዝኛ የተፈተለ ነው፤ የወጋየሁ ግን ከመሪው አይርቅም፤ መንገድ ጥሩ፣ መንገድ መጥፎ፣ ቀስ፣ ችግር የለም። ስለዚህ ከሲግሩን ጋር መጻጻፉ የአስረስ ሥራ ሆነ። እሷም ሁለቱንም በየስማቸው ልትጋብዝ ተስማማች።

ጎፋ አንዲት ጁስ ቤት አለች፤ ጉዞው የታቀደው እዚያ ነው።

"መጀመሪያ ፏፏቴው፣" ይላል ወጋየሁ፣ ስልኩ ላይ ካርታውን በጣቱ እየጎተተ። "ቀጥሎ ይሄ ጥቁር አሸዋ። ከዚያ በዚህ በኩል ዞረን በረዶው ጋ።"

"ማን ነድቶ?"

"እሷ ናታ። እኔ ከኋላ ነኝ።"

"እኔስ?"

"አንተ ከፊት ሁን። ግን እንዳታስረዳ። እዚያ እስካለን ድረስ ማንም ምንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም።"

"ታዲያ ፏፏቴው ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?"

"ውኃ ነው፣ አስረስ። ይወርዳል።"

የቀረው ፕሮሰስ ነው፤ የቪዛው ጣጣ። ፕሮሰስ ደግሞ አይወራም። ጀሞም ሆነ ጎፋ፣ ጸሎተኛም ሆነ ጠጪ፣ በዚህ አንድ ሃይማኖት የማይስማማ የለም። የጎረቤታቸው ልጅ ኤሌኒ ካናዳ መግባቷን እናቷ የሰማችው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው፤ እናቷም አኮረፈች እንጂ አልተገረመችም። ወጋየሁ ከሁሉም ይብሳል። ለሚስቱ ለጸሐይወርቅም ለልጆቹም አልነገረም። ፓስፖርቱን ለአስረስ ካስረከበ በኋላ እሱንም "የት ደረሰ?" ብሎ አልጠየቀውም፤ መጠየቅ ራሱ ገድ ያበላሻል። ዘር የዘራ ሰው በየማለዳው አፈሩን እየገለጠ አያይም። ከዚያ ወዲያ ጁስ ቤቷ ውስጥ ሲገናኙ ስለ ኳስና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ብቻ ያወራሉ። አስረስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ወጋየሁ በሆዱ "ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ለእኔ እንኳ አያወራም" እያለ ያደንቀዋል።

አንድ ቀን ግን ራሱን መግዛት አቃተውና ከቦንዳ ጨርቅ ሻጮች ዘንድ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ባለ ፀጉር ካፖርት ገዝቶ ገባ።

ጸሐይወርቅ ዞር ዞር ብላ አየችው። "ቄራ ማቀዝቀዣ ቤት ተቀጠርክ?"

"ባሌ ተራራ ቱሪስት ልወስድ ነው። ብርድ ነው ይላሉ።"

"ይሄን ለብሰህ ከመኪና እንዳትወርድ። ከሰሜን የመጣ ጭላዳ ነው ብለው ፎቶ ያነሡሃል።"

ካፖርቱ ቁም ሣጥን ገባ። ነሐሴ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ ኅዳር መጣ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወጋየሁ በር ላይ መኪናውን እያጠበ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የማይታወቅ፣ ረዥም ነው። አነሣው።

አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠች፣ "ይህ የወጋየሁ ቤተሰብ ስልክ ነው?" አለች።

"ወጋየሁ ነኝ።"

"ልጁ ነህ?" አለች።

"ወጋየሁ ነኝ። ሹፌር። ዳሎል። ሙቀት። ችግር የለም።"

ይቺን "ችግር የለም" ስትሰማ ሴትየዋ አለቀሰች። ሲግሩን ነበረች። ወጋየሁ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። "ዴድ" የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ባትሪ ሲያልቅ የሚባል ነው። የማን ባትሪ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም እንደ ሕፃን አድርጋ ደግማ ነገረችው። አስረስ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጽፎላታል፤ ወጋየሁ በመኪና አደጋ ሞቷል፣ ሐዘናችን ከባድ ነው፣ በእሱ ቦታ ባለቤቴ ማርቲ ትምጣ። እሷም አዝና የግብዣውን ወረቀት በማርቲ ስም ቀይራ ላከች። ነገ ይደርሳሉ። አሁን ድሮ በሰጣት ቁጥር የደወለችው መበለቲቱን አጽናንታ፣ አንዲት የእሱን ፎቶ ለአስረስ እንድትሰጥላት ልትለምን ነው። ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅለው ነበር።

"ነገ ታዲያ የምቀበለው ማንን ነው?" አለችው።

"ቆዪ፣ መልሼ ልደውል" አለና ዘጋ። የመኪናው ግማሽ አረፋ እንደሆነ ወደ ጀሞ ነዳ።

አስረስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። በሩ ተከፍቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ሁለት ሻንጣዎች በፌስታል ተጠቅልለው ቆመዋል። ውስጥ ዘመድ ሁሉ ተነሥቶ ቆሟል። የማርቲ አጎት፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ።

"መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ።"

"አሜን።"

"ከክፉ ወዳጅ ይጠብቃችሁ።"

"አሜን" አለ ቤቱ ሁሉ፤ ወጋየሁም አለ። ምርቃት ሲሰማ አሜን ማለት ለምዶበት ከአፉ አምልጦት ነው። ድምፁን የሰማው አስረስ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ አልታወቀም። ማርቲ አንገቷን ደፋች፤ ወጋየሁ በዚህ ነው እሷም እንደምታውቅ ያወቀው።

"እስቲ አንዴ ውጣ" አለው፣ ቀስ ብሎ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። አስረስ አልካደም። ቢክድ ይሻል ነበር።

"ልነግርህ ነበር፤ ከደረስን በኋላ።"

"በምንድን ነው የገደልከኝ?"

"ተው ወጋየሁ።"

"ንገረኝ እንጂ። የራሴ ሞት ነው።"

"በመኪና።"

"ማን እየነዳ?"

አስረስ የደረጃውን ብረት ያዘ። "አንተ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጠሰ ነው ያልኳት።"

ወጋየሁ በሹፌርነት ዘመኑ መኪና ጭሮ አያውቅም። እስካሁን ከሰማው ሁሉ ይህ ባሰበት። "ፍሬን ሳላይ ነው ቁልቁለት የምገባው? ወባ ጠፋ? ጉበት ጠፋ?"

"ቶሎ የመጣልኝ እሱ ነው።"

"የመስቀል ዕለት ቤቴ መጥተህ ምሳ ስትበላ፣ ሞቼ ነበር?"

"አዎ።" ትንሽ አሰበ። "አርባህ አልወጣም ነበር።"

"ጸሐይወርቅ ጎድኑን እየመረጠች ስታጎርስህ?"

"ምን ልበላት? አልበላም ልበላት?"

ወጋየሁ ግድግዳውን ተደገፈ። "ለምን? ሲግሩንን እኔኮ ነኝ ያገኘኋት። እኔ ነኝ የጠራሁህ።"

አስረስ እንደ መቆጣት አለ። "አንተኮ ልትመለስ ነው።"

"አዎ፣ ልመለስ ነው።"

"እና ቪዛ ለሚመለስ ሰው ምን ያደርግለታል? እኔና ማርቲ እንቀራለን፤ ሰው እንሆናለን፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እናወጣለን። አንተ ውኃ ሲወርድ አይተህ ልትመጣ! ኃጢአት አይደለም እንዴ? ይሄን ሕንፃ ከላይ እስከ ታች ጠይቅ፣ አንድ የሚፈርድልህ ካገኘህ እኔ ልቅር።"

ሽማግሌው በሩ ላይ ብቅ ብለው ሲሰሙ ቆይተዋል። ወጋየሁን በሐዘኔታ አዩት። "ልጄ፣ እውነት ልትመለስ ነበር?"

"አዎ አባቴ።"

"አይ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይ ልጄ።" ተመልሰው ገቡ።

"እሺ ይሁን፤ ለምን ፊት ለፊት አልነገርከኝም?" አለ ወጋየሁ።

"ፕሮሰስ ላይ ነበርኩ። ፕሮሰስ ይወራል? አንተ ነህ እንዳይወራ ያልከው።"

ወጋየሁ ወደ መኪናው ወረደ፤ አስረስም ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ተከትሎት ወርዶ ከጎኑ ገባና ፓስፖርቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠለት። አንድ ማኅተም አልነካውም።

"አትደውልላት" አለ አስረስ። አሁን ድምፁ ሌላ ነው። "እስክንገባ ብቻ። አየር ማረፊያው ላይ ካልተቀበለችን ይመልሱናል። ማርቲ ሥራ ለቃለች። ቤቱን አከራይተነዋል። በልጆችህ ይዤሃለሁ።"

ወጋየሁ ደወለ። ድምፁንም ከፍቶ አስቀመጠው፤ ከጀርባ እንዳይሆን።

"ነገ የሚመጣው አስረስ ነው፣ ከነሚስቱ" አላት።

"ያ ሞተሃል ያለኝ?"

"አዎ።"

"ለምን እንዲህ አለ?"

ወጋየሁ ቃል ፈለገ። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ መንገድ ላይ አልገጠመውም። "ወንበር ፈልጎ ነው" አለ።

ከሲግሩን በስተኋላ ነፋስ ይሰማል። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ያልከኝን አምናለሁ። ሰዎቹ ቱሪስቶች ናቸው?"

አስረስ ክርኑን ያዘው። ወጋየሁ አዎ ሊል ይችል ነበር። ስለ ራሱ ልጆች ሲል፣ ስለ ማርቲ ሲል፣ አብረው ስለበሉት ቆርቆሮ ቱና ሲል፣ በበረሃው አብረው ስላደሩት ሌሊት ሲል አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። ግን 'ቱሪስት' የምትለው ቃል የእሱ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ ሻንጣዋን የተሸከመላት፣ በሯን የከፈተላት ቃል ናት።

"አይደሉም" አለ። "ቱሪስት አይደሉም።"

"አመሰግናለሁ" አለች። "አንተ ግን በመጋቢት ና። ከማን ጋር እንደምትመጣ ስሙን ላክልኝ። ራስህ ላክ።"

አስረስ እጁን ከክርኑ ላይ አነሣ። እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ ያመለጠው ነገር የለም። "ገደልከኝ እኮ" አለ።

"ፍሬን በጠሰ በላቸው" አለው ወጋየሁ።

አስረስ ወረደ። በሩን አልዘጋውም።

ቤቱ ሲደርስ ጸሐይወርቅ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ ሶፋ ላይ ከምራ እያጠፈች ነው። ወጋየሁ አጠገቧ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ሲግሩንን፣ ፏፏቴውን፣ ፓስፖርቱን፣ ሞቱን። እንድትቆጣለት፣ አስረስን እንድትራገምለት ጠበቀ።

"እና አስረስ ከዳህ" አለች።

"ከዳኝ።"

"አጠገብህ እየበላ፣ እየጠጣ፣ ሳይነግርህ ሊሄድ።"

"አዎ።"

አንድ ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠች። "አንተስ ለእኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር?"

"ከኤርፖርት።"

"ከዚህኛው ነው ከዚያኛው?"

ወጋየሁ መሬት መሬት አየ። "ከዚያኛው።"

"እዚያ ገደል ገብተህ ብትቀር፣ አስረስ ደውሎ ሲያረዳኝ፣ 'ተሳስተሃል ወንድሜ፣ ባለቤቴ ባሌ ተራራ ነው' ብዬ ስልኩን እዘጋበት ነበር። ደግሞ ከልቤ። ቆሜ እሟገትልህ ነበር።"

"ፕሮሰስ ስለሆነ ነውኮ ጸሐይ። ሰው አይነግርም።"

"እሱም ይህንኑ አይደል ያለህ?"

እሷ አንሶላውን ከክምሩ ጎትታ አወጣች፤ ሁለት ሰው የሚይዘው፣ ትልቁን። ወጋየሁ ጫፉን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ።

"ሲግሩን ስም ላክ ብላኛለች" አለ። "በመጋቢት። ያንቺን ልላክላት?"

ጸሐይወርቅ የአንሶላውን አንድ ጫፍ በአገጯ ይዛ፣ ሌላውን በክንዷ ዘርግታ፣ ብቻዋን አጠፈችው። ዳር ከዳር አልገጠመም፤ እንደዚያው ክምሩ ላይ አኖረችው።

"አስረስ በወረደበት ወንበር አልቀመጥም" አለች።