አልጠላም

"ኖ፣ ኖ፣ ኖ!" አለች ተኳሿ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንገቷን እየደፋች። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቅንድቡን ከፍ አደረገና "ኦኬ" ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ተኳሿ እዚያው ቆማ ጠበቀች።

ተኳሿ ቢሏትም ጠመንጃ ይዛ አታውቅም፤ የምትተኩሰው የሆቴሉን አንሶላና የአስተናጋጆቹን ሸሚዝ ነው። ከምድር ቤቱ ላውንድሪ ወደዚህ ምንጣፍ ወደተነጠፈበት ቢሮ የተጠራችው ለመልካም ነገር ነበር። የላውንድሪው ኃላፊ ጡረታ ወጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ የሷን ቋንቋ አንዲት ቃል የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ ቀስ እያለ ጠየቃት። ከመሀሉ "ዉድ ዩ ላይክ" እና "ሱፐርቫይዘር" የሚሉትን ለቀም አደረገች። ገባት። ገብቷት ነው እንግዲህ "ኖ" ያለችው።

ምን ትበል ታዲያ? ሹመት ሲሰጡት ዘሎ "አምጡ" የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እሷ ባደገችበት ቤት የመጀመሪያው "አይ" እምቢታ አይደለም፣ ጉሮሮ መጥረግ ነው። ሁለተኛው ለትሕትና ነው። ከዚያ ጠያቂው "በሞቴ!" ይላል፤ ተጠያቂውም እያፈረ፣ እንደተገደደ ሰው፣ "እሺ" ይላል። ሰውዬው ግን በሞቴ አላለም። ቀና ሲል እዚያው ተገትራ አገኛትና "ቴንክ ዩ" አላት። እዚህ ቢሮ ውስጥ "ቴንክ ዩ" ማለት "ውጪልኝ" ማለት እንደሆነ ተኳሿ ታውቃለች።

ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ከወትሮው ይበልጥ ከበዳት። ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ የባቷን ሥር በጣቱ እየተከተለ አይቶ፣ "ወይ ተቀምጠሽ ሥሪ፣ ወይ ሥራውን ተዪ፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም" ብሏታል። ላውንድሪው ውስጥ ደግሞ ወንበር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኃላፊው። ይህን ከባሏ በቀር ለማንም አልነገረችም።

"ምን አለሽ?" ብላ ተቀበለቻት አጣፊዋ። አጣፊዋ ከማድረቂያው የሚወጣውን አንሶላ የምታጥፍ፣ ከተኳሿ ጋር በአንድ እንፋሎት ውስጥ ያረጀች ጓደኛዋ ናት። አንድ ሰፊ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ወጠሩት።

"ኃላፊ ሁኚ አለኝ።"

"እሰይ! አንቺስ ምን አልሽው?"

"እኔማ 'ኖ' አልኩት።"

"ደግ አደረግሽ። ዘለሽ እሺ ብትዪው ይንቅሽ ነበር። ደግሞ ሲጠይቅሽ ነው እንጂ..."

"ደግሞ አልጠየቀኝም።"

አጣፊዋ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። "እኔንም ትናንት ጠርቶኝ ነበር" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አንቺንም? ምን አልሽው?"

"አንቺ እያለሽ ምን ልበለው? 'ኖ' አልኩት።"

"እኔም ኖ ብያለሁ!" ሲል ጮኸ የማጠቢያ ማሽኑ ሠራተኛ፣ ራሱን ከማሽኑ ሆድ ውስጥ እያወጣ። "በየት በኩል ነው የማዘው እናንተን!"

ይህን እያሉ የሥራ አስኪያጁ ፀሐፊ ጫማዋን እያንኳኳች ወረደች። "ምን ነካችሁ?" አለች። "ሁላችሁንም ጠይቆ ሁላችሁም 'ኖ' አላችሁት። 'እዚህ ቤት ፈላጊ የለም' ብሎ ከውጭ ሰው ሊቀጥር ነው። ነገ ጠዋት ማስታወቂያውን ለጥፊ ብሎኛል።"

"ኧረ ጉድ!" አለች ተኳሿ።

"እትዬ፣ የሚፈልጉት ከሆነ ከዚያ በፊት ገብተው አፍ አውጥተው ይንገሩት። እሱ እንደሆነ የሚሰማው የተባለውን ነው።"

ተኳሿ አጣፊዋን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። "እኔ እንኳ..." አለች። "እኔም እንኳ..." አለች አጣፊዋ። ከዚያ ሁለቱም አንሶላውን ማጠፍ ቀጠሉ።

የተኳሿ ባል ሹፌር ነው፤ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ እያነሳ ሆቴል ያደርሳል። እንግሊዝኛን የተማረው ዓይኑን መንገዱ ላይ ጥሎ ጆሮውን ወደ ኋላ ወንበር በመላክ ነው። ማምሻውን ከሥራ ሊወስዳት መጥቶ የሆነውን ስትነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ የሐኪሙ ነገር ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠው። መኪናዋን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

"ስሚ" አላት። "እነዚህ ፈረንጆች 'እፈልጋለሁ'ን ልብስ ሳያለብሱ አያወጡትም። ራቁቱን 'አይ ዋንት' የሚል ሕፃን ነው፣ ወይ የሰከረ። ቤተሰብ ስጭን አባትየው 'አይ ዉድ ላይክ' ነው የሚለው። ባገኝ ደስ ይለኛል እንደማለት።"

"እኔንም በሱ ነው የጠየቀኝ።"

"አየሽ፣ አክብሮሻል። ሚስትየዋ ደግሞ ሙቀት ሲያስጨንቃት 'አይ ፊል ላይክ ስዊሚንግ' ትላለች።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

ሹፌሩ መሪውን እየመታ አሰበ። "አንቺ አንዳንዴ 'አልቅሽ አልቅሽ ይለኛል' ትዪ የለ? እንደዚያ። ዋኚ ዋኚ ይለኛል ማለቷ ነው።"

"እኔስ ቁጭ በይ ቁጭ በይ ነው የሚለኝ" አለች ተኳሿ ባቷን እያሸች።

"'አይ ዊሽ' የሚል አለ፤ እሱ ተስፋ የቆረጠ ነው። ምነው በሆነልኝ ይላል እንጂ እንደማይሆን ያውቀዋል። እሱን እንዳትዪ። ደግሞ አንድ ተንኮለኛ አለ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆኖ 'ዩ ማይት ዋንት ቱ ስሎው ዳውን' አለኝ። ቀስ ማለት ትፈልግ ይሆናል፣ ያለኝ መስሎኝ፣ 'ኖ ሰር፣ አይ ዶንት ዋንት' ብዬው ነዳሁት! ለካ ሰውዬው 'ቀስ በል፣ ልትጨርሰን ነው' ማለቱ ኖሯል። ሲወርድ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሄደ።"

ተኳሿ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"የኔ ምርጫ ግን" አለ ሹፌሩ ጨዋታው ደርቶለት፣ "'አይ ዉድንት ማይንድ' ነው። ያቺው ሚስትየዋ ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ስትባል እንዲያ ትላለች። አልጠላም ማለት ነው።"

"አልጠላም?" ተኳሿ ቀና ብላ ተቀመጠች። "እነሱም አልጠላም ይላሉ?"

"አሳምረው!"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን አስለፈለፈህ? እሱንማ እኔ እችለዋለሁ። አይ ዉድንት ማይንድ። አይ ዉድንት ማይንድ።" አፏ ላይ ጣፈጣት። ሳትለምን ሳትቀላውጥ የምትፈልገውን የምታገኝበት መንገድ የተከፈተላት መሰላት።

ሹፌሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ለሻይ ነው ያልኩሽ። ይሄ ሰውዬ የሰጡትን ቃል እንዳለ የሚይዝ ነው፤ 'አልጠላም' ካልሽው፣ ባይሆንም ግድ የላትም ብሎ ይተውሻል። እስቲ እንግሊዝኛው ይቆይና በራሳችን ቋንቋ ንገሪኝ። እኔ አለቃሽ ነኝ። ምን ፈለግሽ?"

ተኳሿ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንግዲህ... እናንተ ካሰባችሁልኝ... ትችላለች ካላችሁ... ሌላ ሰው ከጠፋ..."

"ይሄ ሁሉ አጃቢ ለማን ነው? ንጉሡ የታሉ?"

"አልወጣ አለኝ" አለች ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ። እናቷ "ዝም አይነቅዝም" እያሉ ነው ያሳደጓት። ልጆቿ የሚፈልጉትን፣ ባሏ የሚፈልገውን፣ አማቷ የሚፈልጉትን ሳይነግሯት ታውቃለች። የራሷን ግን ተናግራው ስለማታውቅ ቃሉ የት እንደሚቀመጥ ጠፋት።

ሹፌሩ ወደ እሷ ዞረ። "እኔንስ? ላግባሽ ስልሽ 'ቤተሰቦቼ ካሉ' ነበር ያልሽኝ። አንቺ ራስሽ ፈልገሽኝ ነበር?"

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!"

"ንገሪኝ እኮ ነው የምልሽ።"

"አልጠላሁህም።"

ሹፌሩ ሳቀ፤ ቅር እንዳለው ግን አወቀች። ያኔ ሽማግሌ የላከ ዕለት ከደስታ ብዛት እህል አልወርድ ብሏት ውላ ነበር፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለእሱም ቢሆን። አሳዘናት። እሱም አሳዘናት፣ የገዛ ራሷም አሳዘነቻት።

"'አይ ዉድ ላይክ' በዪው" አላት ሞተሩን እያስነሳ። "ጨዋ ነው፤ አያሳፍርሽም።" ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ በየመታጠፊያው አስባላት።

በማግስቱ ጠዋት የገዛ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳ፣ "አይ ዉድ ላይክ፣ አይ ዉድ ላይክ" እያለች ወደ ቢሮው ኮሪደር ወጣች። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ፀጉሯን አበጥራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። አጣፊዋ ናት።

"አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች ተኳሿ።

"የሳሙና ነገር ልጠይቅ ብዬ" አለች አጣፊዋ ብድግ እያለች። "አንቺስ?"

"እኔም የ... የካውያው ገመድ..."

ተያዩ። አጣፊዋ ቀድማ ተሸነፈች። "ተዪው እቴ። ልዋሽሽ አልችልም። ኃላፊ የሚሠራው ቀን ቀን ብቻ ነው። እናቴ መነሳት ካቆመች ወዲህ የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ብቻዋን ጥያት መምጣት ከበደኝ። ግን አንቺን ቀድሜ አልገባም፤ የምትፈልጊው ከሆነ አሁኑኑ እመለሳለሁ። ትፈልጊዋለሽ ወይ?"

ያን ሁሉ መንገድ ያጠናችው እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ምን ይፈይዳል? የጠየቀቻት በእናቷ ቋንቋ ነው። "ኧረ በሞቴ አንቺ ግቢ!" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ብትለው ያምርባት ነበር። አጣፊዋ አቅፋ ትስማታለች፤ ላውንድሪው ሁሉ ደግነቷን ያወራላታል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን እግሯ አልቆም ሲላት እቤቷ ትቀመጣለች፣ ያኔም ይህችን የምትወዳትን ሴት ምንም ሳታጠፋ ትቀየማታለች። ራሷን ስለምታውቅ ፈራች።

"እፈልገዋለሁ" አለች።

ኮሪደሩ ሁሉ የሰማት መሰላት፤ ጆሮዋ ጋለ። "እግሬን ታምሜያለሁ፤ ሐኪሙ መቆም ተዪ ብሎኛል። ደብቄሽ ነው። እፈልገዋለሁ።"

አጣፊዋ መጀመሪያ እግሯን፣ ከዚያ ፊቷን አየች። "እኔን! ምነው ብትነግሪኝ?" አለች። ቦርሳዋን ከአግዳሚው አንስታ ሁለት እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች። "እኔም ግን" አለች እንደመቆጣት ብላ፣ "እኔም እፈልገዋለሁ።"

"እንግዲያው አትሂጂ።"

"ሁለታችንም እንጠይቅ?"

"ሁለታችንም እንንገረውና እሱ ይምረጥ።"

"አንዳችን እኮ ይቀርብናል።"

"አውቃለሁ" አለች ተኳሿ፣ በሩንም አንኳኳች።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከፈተው። ከኋላው ፀሐፊዋ ማስታወቂያውን ይዛ ቆማለች። "ዬስ?" አለ፣ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየ። ተኳሿ አፏን ስትከፍት ያ ጨዋው "አይ ዉድ ላይክ" የለም፤ ተኖ ጠፍቷል።

"አይ ዋንት" አለችው፣ ራቁቱን፣ የሕፃኑንና የሰካራሙን። "ሱፐርቫይዘር። አይ ዋንት።"

ከኋላዋ አጣፊዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማቻት። ተኳሿ ጓደኛዋ እንድትታይ ከበሩ መሀል ወደ ጎን ጠጋ አለች። ወደ ኋላ ግን አላፈገፈገችም።