ሚስቴ ሰማዩን የሰፋች ዕለት

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያቺን በርጩማ ወዲህ ሳቧት፤ አትፍሩ፣ ብትንገዳገድም አትጥልም። አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ጥርስ ያላወጣ ሕፃን «እንዳትንቀሳቀስ!» እያልኩ አንስቻለሁ። ኋላ እርጅና መጣና የኔኑ እጅ ያንቀጠቅጠው ጀመር። የማነሳው ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት አፍንጫ ሲያወጣ ስቱዲዮውን ዘጋሁት። ካሜራዋ ብቻ ቀረች። እሷንም ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጥሎባታል። ምላጭ እያልን ነው የምንጠራው፤ ምላሱን ብታዩት ይገባችኋል።

«ጋሼ፣ ይስጡኝና መስታወቴ ሥር ለጌጥ ላስቀምጣት» ይለኛል በየቀኑ።

አንድ ቀን ልጄ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ ዛሬ ማምሻውን ሰዎች የሚኖሩበት የጠፈር መንኮራኩር በላያችሁ ያልፋል። ኮከብ ይመስላል፣ ግን ይሄዳል!»

ልቤ ዘለለች። ማየት ብቻማ አይሆንም፣ አነሳዋለሁ አልኩ። ምላጭ ሰምቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«የተቀመጠ ሰው ላይ ሁለት አፍንጫ ያወጡ፣ የሚበር ነገር ላይ ስንት ሊያወጡ ነው?»

እልህ ያዘኝ። «ፎቶዋ ከወጣች ሁለተኛ ካሜራዬን እንዳትጠይቀኝ። ካልወጣች ውሰዳት!» አልኩት።

መንኮራኩሩ መስመር ሆኖ እንዲወጣ የካሜራዋ ዓይን ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ እሷም ንቅንቅ ማለት የለባትም። ማቆሚያዋ ደግሞ አንድ እግሩ ተሰብሯል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። «የኔ መኪና እያለ?» አለች። ያንን ባለ ብረት እግር የስፌት መኪና ከምላጭ ጋር ለሦስት እያለከለክን ጠፍጣፋው ጣሪያችን ላይ አወጣነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ከምሸከም መንኮራኩሩን ብሸከም ይሻለኝ ነበር!» አለ ምላጭ።

ካሜራዋን በቁራጭ ጨርቅ መኪናው ላይ ጠፍረን አሰርናት። ባለቤቴ ደረጃው አድክሟት ስለነበር እዚያው መኪናዋ ፊት ቁጭ አለች።

ጀምበር ጠልቃ ጨለም ሲል መንኮራኩሩ ብቅ አለ። ድርግም አይል፣ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የካሜራዋን ዓይን ከፈትኩ። ምላጭ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ውይ ሲያምር! አሁን እዚያ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሏል?» አለች ባለቤቴ።

ወዲያው ቀቀቀቀቀ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚስቴ ደስ ሲላት እግሯ አያርፍም፤ ፔዳሉን እየረገጠች ነው!

«እግርሽን! አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽን!»

«እግሬ ምን ሆነ?» ቀቀቀቀቀ።

«እየሰፋሽ ነው!»

«ውይ በሞትኩት!»

እግሯን ስታነሳ መንኮራኩሩ አልፎ ሄዷል። ምላጭ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ መስታወቱን ልወልውል» አለ። ባለቤቴ ልታለቅስ ደረሰች።

በማግስቱ ፊልሙን አጠብኩ። ለማተሚያ በምጠቀምባት ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በቀይ አምፖል፣ ሦስታችን ተጣብቀን የፎቶ ወረቀቱ የተነከረበት ሳህን ላይ አጎነበስን። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ጥቁር ሰማይ መጣ። ቀጥሎ ነጭ መስመር፣ ቀጥ ያለ። ከዚያ በኋላማ መስመሩ ዚግዛግ ሆነላችሁ! እንደ ቀሚስ ጠርዝ እስከ ዳር ተሰፍቷል። ከዋክብቱም አልቀሩም፤ እንደ ቁልፍ በየቦታቸው በክር ጥብቅ ተደርገዋል።

ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ መረመረችው።

«ስፌቱ ግን እኩል ነው» አለች።

በሳቅ ፈነዳን። ሳህኑ ሊደፋ ምንም አልቀረው። ምላጭ ግድግዳውን ተደግፎ እንባውን ይጠርጋል።

«ጋሼ፣ ካሜራዋን ይያዟት፣ አልፈልግም። ይቺን ፎቶ ይስጡኝ። ቀጥ ያለውንማ ማንም ያነሳዋል። እትዬ፣ በሚቀጥለው ሲያልፍ ደግሞ ጥልፍ ያድርጉበት!»

ዛሬ ምላጭ መስታወት ሥር ያለችው ያቺ ፎቶ ናት። ካሜራዋ እኔው ዘንድ ነች፤ እጄም እንደተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን ምን ቸገረኝ፣ መንኮራኩሩ ባለፈ ቁጥር መኪናውን ተሸክመን ጣሪያ ላይ ነን።

እናንተም ልጆቼ፣ አመሻሽ ላይ ድርግም ሳይል የሚሄድ ብርሃን ካያችሁ ቀና ብላችሁ እጃችሁን አውለብልቡለት። ያን ጊዜ እኛንም፣ በተለይ ያቺን አላርፍ ያለች እግር፣ አስታውሱልኝ። አደራ።