ማንም ያልሞተበት ድንኳን

የኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወይንሀረግ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ ጣደች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ መጥበሻ ላይ አሞቀች። ከልደታ ማርያም የቅዳሴው ድምፅ በማጉያው ይመጣል፤ ቁርሷን እስክትጨርስ ከፍ ዝቅ ሲል አዳመጠችው። ከዚያ ግቢዋን ጠርጋ በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከፈተች። ሁለቱ ክፍሎች «ድርብ ሰረዝ» የሚባል የኮሚክ መጽሐፍ አሳታሚ ናቸው። የጌጃ ሰፈር ሰው ይህን ስም አያውቀውም፤ «የካርቱን ቤት» ነው የሚለው።

ቤቱን ከሃያ ዓመት በፊት የከፈቱት እሷና ባሏ ፍሬምናጦስ ነበሩ። እሱ ይስላል፣ እሷ ታርማለች። ስሙንም ያወጣው እሱ ነው፤ ድርብ ሰረዝ ካያችሁ ነገሩ ገና አላለቀም ማለት ነው ይል ነበር። የሞተው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ ኮሮና ገብቶ ሰው እንዳይሰበሰብ በታዘዘበት ጊዜ ነው። ቀብሩ ላይ የቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ተራርቀው። ድንኳን አልተተከለም። ወይንሀረግ ሆድ ይፍጀው ብላ በሯን ዘጋች፤ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ጀመረች።

አንድ ነገር ግን አላደረገችም። ለአንባቢዎቹ አልነገረችም።

ፍሬምናጦስ «የጣራ ላይ ፖስተኛ» የሚል ተከታታይ ነበረው። መንገዱ ስለሚጨናነቅበት ደብዳቤ የሚያድለው ከቆርቆሮ ቆርቆሮ እየተሻገረ የሆነ ሰው ታሪክ ነው። አምስት መጽሐፍ ወጥቷል። ወይንሀረግ በየስድስት ወሩ የአዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝር ታወጣለች፤ በዝርዝሩ ግርጌም «የጣራ ላይ ፖስተኛ፣ ስድስተኛ መጽሐፍ፣ በዝግጅት ላይ» የሚል መስመር አለ። ያንን መስመር አምስት ዓመት ሙሉ ሳትነካው አለፈች። የሰፈሩ ሰው መሞቱን ያውቃል፣ መጽሐፉን አያነብም። አንባቢው መጽሐፉን ያነባል፣ መሞቱን አያውቅም። ሁለቱ አንድ ቦታ ካልተገናኙ የሚጠይቃት አልነበረም።

በዚያ ቅዳሜ የሚመረቀው የቤርሳቤህ መጽሐፍ ነበር። ቤርሳቤህ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏን ስላ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ርእሱ «ቦኖ» ነው፣ ታሪኩም ስለ ድሮው የጌጃ ሰፈር የውኃ ቦኖና ስለ ተሰላፊዎቹ። አዳራሽ ተከራይተው ነበር። ሐሙስ ዕለት ባለአዳራሾቹ ደውለው ቦታው ለሌላ ስብሰባ ተፈልጓል አሉ። ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ የእድሩ ዳኛ አቶ ሰላሁን አልፈው ሲሄዱ አዩዋትና ምን እንደሆነች ጠየቋት። ስትነግራቸው፣ የእድሩ ድንኳንና ስልሳ ወንበር እያለ አዳራሽ ምን ሊያደርግ ነው፣ ይመስገነው በዚህ ሳምንት የሞተብን የለም፣ አሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ በካርቱን ቤት ደጃፍ ተተከለ። ባነሩ ከማተሚያ ቤት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ወይንሀረግ ካርቶን ስትፈታ፣ የመክፈቻ ንግግሯን ስታርም ረፈደ። ድንኳኑ ባዶውን ቆሞ ዋለ። እንዲህ ያለ ድንኳን ሰፈር ውስጥ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ከጉልት የሚመለሱት ሴቶች አዩት። ቤታቸው ፈርሶ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገቡት፣ እድራቸውን ግን ያልለቀቁት፣ ተደዋወሉ። እነ ወይንሀረግ ደጅ ድንኳን ተተክሏል ተባለ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ሄደው ተቀምጠው ነው የሚሰማው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወይንሀረግ መጽሐፍ ታቅፋ ብትገባ ሠላሳ የሚያህል ሰው ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። እሷ ያልሰማችው መርዶ ያለ መሰላት። በሩ አጠገብ ወደተቀመጡት ወደ ጎረቤቷ እማማ ወለተሰንበት ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?»

አሮጊቷ እጇን ያዟት። ሐዘኑ ያናወዛት መስሏቸዋል። «አይዞሽ ልጄ፤ እሱ ያጽናሽ» አሏት። ይህን የሰማችው ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ቀጥላ ያለችውም ተቀበለቻት።

በዚህ መካከል አቶ ሰላሁን ድምፅ ማጉያ ተሸክመው ደረሱ። ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ማጉያውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት፣ ከዚያ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ ሰው እንዳልሞተ፣ ነገሩ የመጽሐፍ ምረቃ እንደሆነ ተናገሩ። ከኋላ አንድ ሰው ሁለት ታክሲ ይዤ ነው ከጀሞ የመጣሁት ብሎ አጉረመረመ። አጠገቡ ያለው፣ ታዲያ ሰው ባለመሞቱ ቅር አለህ እንዴ አለው። ሳቅ ተነሣ። እማማ ወለተሰንበት ግን አልሳቁም፤ የወይንሀረግንም እጅ አልለቀቁም።

«ፍሬምናጦስ ሲሞት አልተቀመጥንለትም» አሉ። «ከቀብር ስትመለሺ በመስኮት አየሁሽ፤ መስኮቱን እንኳ አልከፈትኩልሽም። ይኸው ደጃፍሽን ባለፍኩ ቁጥር እሱን ነው የማስበው። ከመጣን አይቀር እንቀመጥለት።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወይንሀረግን ያይ ጀመር።

ቤርሳቤህ የድንኳኑ በር ላይ፣ የተጠቀለለውን ባነር እንደታቀፈች ቆማለች። ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነው የመጣችው። ስምንት ሰዓት ላይ አንባቢዎቹ ይመጣሉ። ለቅሶው ከተጀመረ «ቦኖ» ቀኑን ያጣል፤ አምስት ዓመት ተለያይተው የኖሩትም ሁለት ዓይነት ሰዎች በአንድ ድንኳን ሊቀመጡ ነው። እንቢ ካለች ደግሞ፣ ለባሏ ልቀመጥ ያለን ሰው ከደጇ ልትመልስ ነው። ወይንሀረግ ወደ ልጅቷ ሄደች።

«እትዬ፣ የእኔ ለሌላ ቀን ይሁን» አለች ቤርሳቤህ፣ ቀድማ። ድምፅዋ ግን ሌላ ቀን አይልም።

«ለሌላ ቀን አይሆንም። ባነሩን ስቀዪ» አለቻት ወይንሀረግ። «ግማሽ ሰዓት አለን።»

ተመልሳ እማማ ወለተሰንበት አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ አለበሷት። ማንም ሙሾ አላወጣም፣ ማንም የሟችን ደግነት አልዘረዘረም። ዝም ብለው ተቀመጡ። አልቅሳ እንደሆነ ነጠላው ያውቃል።

ስምንት ሰዓት ላይ አንባቢዎቹ መምጣት ጀመሩ። ደጁ ላይ እየተሳሳቁ ደርሰው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዴ ባነሩን፣ አንዴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ያያሉ። አራዳ ቢሆኑም እነሱም የየሰፈራቸው ልጆች ናቸውና ያደጉበትን አልረሱም፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ክፍት ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ድንኳኑ ሞላ።

እማማ ወለተሰንበት ከወይንሀረግ ጭን ላይ አንዱን መጽሐፍ አነሱ። የሚመረቀው ይሄ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ ገለጡት፣ ራቅ አድርገው ያዙት። ሁለት ገጽ ዝም ብለው አለፉ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህቺ በድንጋይ ወረፋ የምትይዘው እኔ ነኝ እንዴ?»

ቤርሳቤህ አፈረች። እናቷ የነገረቻት ታሪክ እንደሆነ ተናገረች።

«እናትሽ ረስታለች። ድንጋይ አይደለም፤ አንድ እግር ጫማ ነው። ድንጋይማ ሰው ገፍትሮት ያልፋል። የሰው ጫማ ግን ማን ይነካል?»

ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት፣ ሌላኛው እግርስ የት ነበር ብላ ጠየቀች። «እግሬ ላይ» አሉ እማማ ወለተሰንበት፣ እያነከሱ ቦኖ መሄዳቸውን ትከሻቸውን እየነቀነቁ አሳዩ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን መያዝ አልተቻለም፤ ከእጅ እጅ ሄደ። ከጀሞ የመጡት የፈረሰ በራቸውን በገጹ ላይ ፈለጉ። በታክሲው ያጉረመረመው ሰውዬ የአባቱን አጥር አገኘና መጽሐፉን ዘጋው፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ገለጠው። አንባቢዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ሽማግሌዎቹ ተጠጉ። ወይንሀረግ ያረመችው ንግግር ሳይነበብ ቀረ።

ሰዉ ትንሽ ሲረጋ አንድ ሰው ብድግ አለ። በከር ይባላል፤ በአብነት መስመር ታክሲ ይነዳል፣ አምስቱንም የፖስተኛውን መጻሕፍት በፌስታል ይዞ መጥቷል።

«እትዬ፣ ይቅርታ፤ ስድስተኛው መቼ ነው? በዚህ አያያዝ ልጆቼ ሊያድጉብኝ ነው።»

የሰፈሩ ሰው ወደ ወይንሀረግ ዞረ። አቶ ሰላሁን ሊመልሱላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወይንሀረግ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመቻቸውና ተነሣች።

«ፍሬምናጦስ ሞቷል» አለች። «በሰኔ 2012። አልነገርኳችሁም። በዝግጅት ላይ ነው እያልኩ ስጽፍ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

በከር ፌስታሉን ደረቱ ላይ ያዘ። «አላህ ያጽናዎት» አለ። ሊቀመጥ ብሎ እንደገና ቀና አለ። «ከስድስተኛው የሳሉት የለም? ምንም?»

«አሥራ አንድ ገጽ አለ። አልቆ አይደለም።»

«ያለውን ያሳዩና» አለ በከር።

ከኋላ ካሉት አንዱ፣ አሥራ አንድም ገጽ ነው አለ። ሌሎች ነፍስ ይማር አሉ። ወይንሀረግ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና ተቀመጠች።

ያኔ አቶ ሰላሁን፣ ምረቃ ነው ከተባለ እንግዲህ እንመርቅ ብለው ቤርሳቤህን መሐል አቆሟት። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እጅሽ አይዛል፤ ቀለምሽ አይንጠፍ። የፈረሰውን ሰፈር እንዳቆምሽልን አንቺንም ያቁምሽ።»

አሜኑ ከሁለቱም ወገን መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጣው «ቦኖ» ሁሉ አለቀ፤ ቤርሳቤህ መጨረሻ ላይ የፈረመችው ለእማማ ወለተሰንበት ነው፤ ከፊርማው ሥር አንድ እግር ጫማ ሳለችላቸው።

ሰኞ ጠዋት ወይንሀረግ አዲሱን ዝርዝር ጻፈች። «ቦኖ»፣ ሁለተኛ እትም፣ ታኅሣሥ። የሥዕል ትምህርት፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በካርቱን ቤት፤ ሰፈሩ ለቤቱ ያወጣውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ አስገባችው። ከግርጌው፣ «በዝግጅት ላይ» ይል በነበረበት ቦታ፤ የጥር ዝግጅት፣ በእድሩ ድንኳን፣ የፍሬምናጦስ የመጨረሻ ሥዕሎች ለዕይታ ይቀርባሉ። ባነሩ ከድንኳኑ ቀድሞ እንዲሰቀል አቶ ሰላሁን አጥብቀው አሳስበዋል።

ከዚያ የልብስ ሳጥኑን ከፍታ ገጾቹን አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረቻቸው። መጽሐፉ አርባ ስምንት ገጽ እንዲሆን ነበር የታሰበው። አሥራ አንዱ እዚህ አለ። ሠላሳ ሰባቱ የሉም።