የመሪጌታ ኪዳነ ወልድ እግሮች

መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሰው ሁሉ ተቀመጡ ይላቸው ጀመር። ከጥምቀት ማግስት የያዛቸው የአንጀት ተስቦ አልጋ ላይ ጥሏቸው ከርሞ በመጨረሻ ሲለቃቸው፣ ነፍሳቸውን መልሶ ጭናቸውን ይዞባቸው ሄደ። ጣና ዳር ባለው ደብር መቋሚያቸውን ተደግፈው ማኅሌት ሲቆሙ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው፣ አሁን ከአልጋ ለመነሣት ግድግዳውን የሚለማመጡ ሆኑ።

ሰው መቼም ደግ ነው። ደግነቱ ግን አንዳንዴ ከስድብ ይብሳል። የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ሰላም ቢያዝን ሊጠይቃቸው መጣ። ዜማ ያስጠኑት የራሳቸው ተማሪ ስለሆነ እስከ ዛሬ አንተ ይሉታል። ሑዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና ወሬው ወደ ስቅለት ዞረ። የስቅለት ዕለት ከጧት እስከ ማታ መቆምና መስገድ ነው፤ ያን ቀን የሚመሩት ደግሞ እሳቸው ነበሩ።

«የኔታ፣ ዘንድሮ ወንበር እናዘጋጅልዎታለን» አለ ቢያዝን፣ ድምፁን እያለሰለሰ። «እርስዎ ተቀምጠው ይባርኩን። መሪነቱን መልካሙ ይያዘው።»

መሪጌታ ወንበር የምትለዋን ቃል እንደ መራራ መድኃኒት አላመጧት። በቅኔ ማኅሌት ወንበር! ደቅ ደሴት ላይ ከመምህራቸው እግር ሥር ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አላዩም፤ በራሳቸው ሊጀመርም ነው። ከሳቸው ቀጥሎ የሚቆመው ወጣቱ መልካሙ ጥሩ ድምፅ አለው፤ ጉልበትም አለው። የሚያናድደውም ይኸው ነበር።

«እቆማለሁ» አሉ። «ያን ቀን ካልቆምሁ መቋሚያዬን ራሴ ለመልካሙ አስረክባለሁ። ከቆምሁ ግን ሁለተኛ ወንበር የሚል ሰው ፊቴ እንዳይደርስ።»

ቢያዝን እጃቸውን ሳመና ወጣ። መሪጌታም ሊሸኙት ብለው ሲነሡ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተመልሰው አልጋው ላይ ዱብ አሉ። በሩ ተዘግቶ ስለነበር እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ልጃቸው ርሆቦት ግን አይታለች። ርሆቦት ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። የአባቷን ግትርነት ስለወረሰች ከሳቸው ጋር መከራከር አይሰለቻትም። ተስቦው የበላው ጡንቻ መሆኑን፣ ጡንቻ የሚሠራው ደግሞ በፕሮቲንና በሥራ መሆኑን አስረዳቻቸው። ያረጀ ጡንቻ ጆሮው እንደከበደ ሽማግሌ ነው፤ ለወጣት በሹክሹክታ የሚበቃው ለሱ ጮክ ተብሎ፣ ደጋግሞም ሊነገረው ይገባል አለች። ስለዚህ በየአራት አምስት ሰዓቱ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፤ በመካከል ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት።

መሪጌታ ጆሮ ቀድሞ የገባው ወንበር የሚለው ነው።

«በሑዳዴ እንቁላል?» አሉ ቀጥለው። የነፍስ አባታቸው ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈቱለት ስትነግራቸው፣ እሳቸው ታመው እንደነበር አሁን ግን እንደዳኑ፣ የጎደላቸው ጭን ብቻ መሆኑን መለሱላት። ዓሣውንም ሞከረችው። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከሐይቁ የማያንስ ጥልቀት አለው፤ መሪጌታ ደግሞ ከማይበሉት ወገን ናቸው። ድርድሩ በዚህ ፈረሰ።

ሑዳዴ በገባ በሳምንቱ ጎረቤታቸው አምሐ ወሬውን ሰምቶ መጣ። አምሐ የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ነው፤ ትከሻው በር ያጠባል። በእጁ ትልቅ ቆርቆሮ ይዟል። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ጧትና ማታ ይጠጡት፣ እኛ በጾም የምንበረታው በሱ ነው፣ ዱቄት ስለሆነ አይገድፍም ብሎ ማለላቸው። መሪጌታ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ይህን ሽታ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ርሆቦትም ጽሑፉን አነበበችላቸው፤ የደረቀ አጓት ነበር።

«ደቅ ላይ አይቡ ከወጣ በኋላ አጓቱን ለጥጃ ነበር የምንሰጠው» አሉ መሪጌታ። «ለካ የአገሬ ጥጃ ሁሉ ስፖርተኛ ነው።»

ርሆቦት በፍስክ ቀን ቢሆን ጥሩ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረች፤ አምሐ ግን አልሰማትም። ጾሙ ከገባ ጀምሮ አጓት ሲጠጣ መሰንበቱ ገብቶት ቆርቆሮውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ነፍስ አባቱ ገሰገሰ።

ያን ቀን ማታ አባትና ልጅ ተስማሙ። ጾሙ እንደ ጾሙ ይሁን፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ሆዱ የርሆቦት ነው። በዘጠኝ ሰዓት፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሊተኙ ሲሉ፤ ሦስት ጊዜ ይበላሉ። ለእያንዳንዱ የሰውነታቸው ኪሎ በቀን ከአንድ ግራም በላይ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ ከእህል ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በዛ ማለት አለበት። ዓሣ እምቢ ስላሉ ከሽንብራ ዱቄት የሚሠራውን የሽንብራ ዓሣ ሠራችላቸው፤ ምስርና ስልጆ ጨመረችላቸው፤ ኦቾሎኒም ቆላችላቸው። ብድግ ቁጭ የተባለው ደግሞ በስግደት ተተካ። ለሱማ ማን ያህላቸው።

ስምምነቱ ሳምንት አልቆየም። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን በጾም የበሉት አንድ ጊዜ ነው። ማታ ማታ ደጋግሞ መብላት ከሠርግ ቤት የዋሉ ያህል አሳፈራቸው። የቀኑ ድምር እስከ ሞላ ድረስ ባንዴ ቢገባ ምን ቸገረ ብለውም ከራሳቸው ጋር ተማከሩ። ርሆቦት የቅዳሜ ተረኛ ሆና ሥራ ባመሸች ቀን፣ የሦስቱን ጊዜ ምግብ ባንድ ሰሃን ገልብጠው ሽንብራውን ከስልጆው፣ ምስሩን ከኦቾሎኒው ጋር ጥርግ አድርገው በሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለውም ተኙ።

በሑዳዴ ከበሮ አይመታም። እሑድ ጧት ግን የመሪጌታ ሆድ ከበሮ ሆኖ አደረ። ቤተ ክርስቲያን ቆመው ዜማው መሐል ሲደርሱ ነገሩ የሚቻል አልሆነም፤ ላብ አጥምቋቸው፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ፣ ጎንበስ ብለው በጓሮው በር ወጡ። አየር ካገኙ በኋላ ቀለል አላቸው፤ ክብራቸው ግን ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ አይ የኔታ፣ እግራቸው አልቋል እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ቢያዝንም ያንኑ ቀን ለመልካሙ ተዘጋጅ አለው፤ ወንበሩንም አናጢ ቤት አዘዘ። መሪጌታ ምን ይበሉ? በምእመናን ፊት ቆመው እግሬ ሳይሆን ሽንብራው ነው አይሉ ነገር።

ለርሆቦት ብቻ ነገሯት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትጨርስ ግን አልራራችላቸውም። የቀኑ ድምር ዋናው ነገር መሆኑ እውነት ነው አለች፤ ግን ሆድ ጎተራ አይደለም፣ ያረጀ ጡንቻም ባንድ ጥሪ አይነሣም፤ ለዚህ ነው የከፋፈልሁት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለቻቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አባባ።»

«እንቁላሉ የፍስክ ነው» አሉ መሪጌታ። «ተረቱ ግን የጾም ይመስለኛል» ብለውም ሊበሉ እጃቸውን ለውሃ ዘረጉ።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ አላፈረሱም። ሆዳቸውን እንዳይነፋቸው ርሆቦት ሽንብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፋ ውሃውን እየደፋች ትቀቅለው ጀመር። በየማታው ሦስት ጊዜ በሉ፤ አፍረውም ቢሆን በሉ። ስግደቱንም እየቆጠበች ሰጠቻቸው፤ ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍት ነው ብላ ቀን እያሳለፈች አሰገደቻቸው። በመጀመሪያ አልጋውን ይዘው ይነሡ ነበር፤ ደብረ ዘይት ሲደርስ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተነሡ፤ ሆሣዕና ላይ ቁምጣቸው ጭናቸውን ያዝ አደረገው። ይህን ያወቁት እሳቸውና ርሆቦት ብቻ ናቸው። ደብሩ አሁንም ከንፈሩን ይመጥጥላቸዋል።

ስቅለት ደረሰ። መሪጌታ በጧት ሲገቡ ወንበሩ በሳቸው ቦታ፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። መልካሙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ቢያዝን ክንዳቸውን ሊይዝ ቀረበ። አላዩትም፤ ወንበሩንም አላዩትም። ከፊቱ ቆመው ጀርባቸውን ሰጡትና ዜማውን አነሡ።

እኩለ ቀን አለፈ። ሙቀቱ ከሐይቁ እየተነሣ ቤተ መቅደሱን ሞላው። ሰው ክርያላይሶን እያለ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ መሪጌታም አብረው ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጭናቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈሩ። ለአንድ አፍታ ወንበሩ ከኋላቸው ትንፋሽ ያለው ነገር መስሎ ተሰማቸው፤ ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣቸውም ወንበሩን መመኘታቸው ነበር።

ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰገዱና መነሣት አቃታቸው። ግንባራቸው ምንጣፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ዜማው ተቋረጠ። መልካሙ ከቀኝ፣ ቢያዝን ከግራ ጎንበስ አሉ፤ ወንበሩ ሲጎተት ተሰማ።

«እጃችሁን ሰብስቡ» አሉ መሪጌታ ከመሬቱ ላይ።

ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። በሴቶች በኩል ርሆቦት ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። መሪጌታ አንድ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ፤ መዳፋቸውን ከላዩ አኖሩ፤ ቤታቸው ውስጥ አልጋው ሥር ቀን እያሳለፉ እንዳደረጉት፣ ሳይቸኩሉ ጭናቸውን ገፉት። ጭኑ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ታዘዘ። ቀጥ ብለው ቆሙና ዜማውን ከተቋረጠበት ቦታ አነሡት፤ መጀመሪያ የተቀበላቸው መልካሙ ነበር።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሥርዓቱ አለቀ። ሕዝቡ ወደ ግቢው ወጣ። ቢያዝን ወደ መሪጌታ መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፤ ይቅር ይበሉኝ የኔታ አለ።

«ወንበሩስ?» አሉ መሪጌታ።

«ይወጣል የኔታ፤ ሁለተኛም አይገባም።»

«እዚህ አምጣው።»

አመጡት። ጥቁሩን ጨርቅ ገፈው ግቢው መካከል፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አስቀመጡት፤ መሪጌታም ተቀመጡበት። ርሆቦት ከሐሙስ የተረፈውን የባቄላና የስንዴ ጉልባን ከምሳ ዕቃው አውጥታ አቀረበችላቸው። ግቢው ተንሾካሾከ። መሪጌታ ኪዳነ ወልድ በየዓመቱ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ሳይቀምሱ አክፍሎት የሚይዙ ሰው ናቸው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ቢያዝንም ደነገጠ፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ሰው እያየ ነው አላቸው።

«ስቆም ወንበር ታመጣልኛለህ» አሉ መሪጌታ እየጎረሱ። «ስበላ ደግሞ ልታስነሣኝ ነው? የትንሣኤን ማኅሌት የምቆመው በምን እግሬ ይመስልሃል?»

መሪጌታ አላምጠው ዋጡና ሰሃኑን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ርሆቦትም ሁለተኛ ጨመረችላቸው።