የረሂማ ጣቶች

«እጅሽን እንኳ አትዘረጊላቸውም?» አለች ሃቢባ በሹክሹክታ፣ ሴትየዋ ወደ ፍራሹ ጥግ አልፋ እንደተቀመጠች። «ከጃጁራ ድረስ መጥተው እኮ ነው። ኮርታለች እያሉሽ ነው።»

ረሂማ ሁለቱን እጆቿን ከሻርፗ ስር ደብቃ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠቻቸው ቀረች። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እጅ ሲጨብጥ አይራራም፤ ማዘኑን በመጭመቅ ነው የሚያሳየው። በመጀመሪያው ቀን የጨበጣት ሁሉ ጣቶቿ ውስጥ እሳት እየተወ ነው ያለፈው። ስታለቅስ ሁሉም ለአወል ነው አለ። ለአወልም ነበር፣ ለጣቶቿም ነበር፤ እሷ ራሷ መለየት አልቻለችም።

አወል ባሏ ነበር፣ ከሆሳዕና ጃጁራ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር። መናኸሪያ መኪናውን አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉ። ሃቢባ ታናሽ እህቱ ናት። ከሺንሺቾ መጥታ ከቀብሩ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች፤ እንግዳ ታስቀምጣለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ የሚያወራውን ዝም ታሰኛለች። ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ረሂማ ግን በዕድሜዋ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ሕመሙ የጀመራት ጠዋት ጠዋት ነበር። ስትነሳ ጣቶቿ አይታጠፉም፤ ብርጭቆ መያዝ ያቅታታል። ሰፈሩ «ብርድ ነው» አለ። አንድ ወጌሻ ደግሞ «ወለም ብሎሽ ነው» ብሎ ቀኝ እጇን ጎተተው፤ የቀለበት ጣቷ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። አወል ያን ቀን ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ወሰዳት። ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን ነገረቻቸው፤ ሰውነቷ ራሱን በራሱ እየወጋ ነው፣ ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒትና በእንቅስቃሴ ይያዛል፣ ያበጠ እጅ ግን መጎተት የለበትም። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ባለሙያው ጣቶቿን እንዴት እንደምታፍታታ ሲያሳያት፣ አወል ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። የሾፌር ዓይን አለው፤ አንዴ ያየውን መንገድ አይስትም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሱብሂ ሰግዶ ሲጨርስ በሩን ይዘጋል። ለብ ያለ ውሃ በሳህን ያመጣል። ከአውራ ጣቷ ይጀምርና አንድ በአንድ፣ ሳይጎትት፣ እያጠፈ ይዘረጋቸዋል። እያፍታታም ያወራል፤ የትኛዋ ተሳፋሪ ለበጓ ወንበር ካልተሰጣት ብላ እንደሞገተችው ሲነግራት ራሱ ቀድሞ ይስቃል። «ቀስ በል፣ ይሰሙሃል» ትለዋለች። ወንድ ልጅ የሚስቱን እጅ ሲያጥብ ቢታይ መናኸሪያ ውስጥ የሚወጣለትን ስም ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ለማንም አልተናገሩም።

አሁን ክኒኑ ትራስጌዋ አለ፤ የሌለው አወል ነው። ከቀብሩ ወዲህ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ጣቶቿ በየማለዳው ይበልጥ እየደረቁ ነው። አንዱን ደረቅ እጅ በሌላው ደረቅ እጅ ለማፍታታት ሞክራ አልሆነላትም። ነገ ሰው ይበተናል። ልጅ አልወለዱም፤ ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቆይበትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እስክትጨርስ እዚህ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። እጆቿ እንደተጨበጡ ሊቀሩ ነው ብላ ፈርታለች።

ከሰዓት በኋላ ሃቢባ ሻይ ስታቀብላት ብርጭቆው ረሂማን አመለጣት። ሻርፗ ተገልጦ ያበጡት አንጓዎችና የጎበጠው ጣት ታዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሃቢባ ደንግጣ። «ወድቀሽ ነው? ቆይ፣ እማማ ትርፊት እዚህ ናቸው። እማማ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ።»

እማማ ትርፊት ጎረቤት ናቸው፣ በሰፈሩ የታወቁ ወጌሻ። ቅቤ አስመጥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተጠጉ።

«አይዞሽ ልጄ። ጥርስሽን ነከስ አድርጊ፤ አንዴ ልሳበውና ይለቅሻል።»

ለቅሶ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ረሂማ እጆቿን ደረቷ ላይ ሰበሰበች።

«አይሆንም እማማ። አወል ይቆጣል።»

እማማ ትርፊት የዘረጉትን እጅ መለሱ። ረሂማም ያለችውን ሰማችው። ከዚያ መደበቁ አልሆነላትም፤ ሆስፒታሉን፣ ውሃውን፣ የተዘጋውን በር፣ ሁሉንም ተናገረች። ጥግ የተቀመጠች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ዋጠች። እማማ ትርፊት ግን ቅቤውን ከእጃቸው ጠርገው፣ «ነፍሱን ይማረው። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር» ብለው ተቀመጡ። ሃቢባ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሻንጣዋን ደጅ አስቀምጣ፣ ሃቢባ ለብ ያለ ውሃ ይዛ ገባችና በሩን ዘጋች። የረሂማን እጅ ውሃው ውስጥ ከታ ከትንሿ ጣት ጀምራ ታሽ ጀመር። ጉልበት አበዛች። ረሂማን አሟት ነበር፤ ቻለችው።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እግሩን ሳጥበው ነው ያደግኩት» አለች ሃቢባ ዓይኗን ሳታነሳ። «ከማሳ ሲገባ፣ ከትምህርት ቤት ሲገባ። አንድ ቀን እንኳ ውሃ አንስቶ አቀብሎኝ አያውቅም። ትናንት ስታወሪ... ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም ረሂማ።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ረሂማ የምታጽናናበት ቃል ፈለገች፤ ደግ ነበር ብትላት ሰው ሁሉ ሰሞኑን ያለው ያንኑ ነው። እጇን ከሃቢባ መዳፍ አወጣች። የሃቢባን ጤነኛ እጅ ይዛ ውሃው ውስጥ አስገባችው። አንጓዎቿ እያቃጠሏት፣ ባበጡት ጣቶቿ የሃቢባን አውራ ጣት ያዘችና ሳትጎትት፣ ቀስ ብላ፣ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

«እንዲህ ነበር» አለቻት።

ውጭ ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ ክላክሱን ነፋ። ሃቢባ አልተነሳችም። ረሂማ ወደሚቀጥለው ጣት አለፈች።